ጓሮው ራሱ መድረክ ሲሆን

የአዲ አርቃይ ልጅ ስለ ፒትስበርግ ሊያወራችሁ መቆሙ እንግዳ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ምክንያቴን ከታሪኩ በኋላ ታገኙታላችሁ።

ኦገስት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1945 በፒትስበርግ ከተማ፣ ሂል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ተወለደ። የሃያኛውን ክፍለ ዘመን እያንዳንዱን ዐሥርት ዓመት በአንድ ተውኔት እየወከለ ዐሥር ተውኔቶችን የጻፈ ሲሆን፣ የዘጠኙ መቼት ይኸው የትውልድ ከተማው ነው። ከእነዚህ አንዱ «ሰባት ጊታሮች» ይባላል። ዘመኑ 1948 ነው። ፍሎይድ ባርተን የተባለ የብሉዝ ተጫዋች ተቀብሮ ወዳጆቹ ከቀብር ሲመለሱ ይጀምርና ወደ ኋላ ሄዶ አሟሟቱን ይተርካል። ድርጊቱ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ጓሮ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ እዚያው ካርታ ይጫወታሉ፣ የቡጢ ግጥሚያ በራዲዮ ያዳምጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ።

በ2016 የፒትስበርግ ፕለይራይትስ ቴአትር ድርጅት ይህን ተውኔት ደራሲው ባደገበት ቤት ጓሮ፣ በቤድፎርድ ጎዳና አሳየው። ቤቱ ያን ጊዜ ገና አልታደሰም ነበር። የታችኛው ሂል ዲስትሪክት ግን ቀድሞውኑ የለም፤ በ1950ዎቹ ለአንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ሲባል ፈርሶ 8,000 ያህል ሰው ተፈናቅሏል። ስለዚህ ያ ጓሮ ከፍርስራሽ የተረፈ ምስክር ነበር ማለት ይቻላል።

ሆኖም ለትዕይንቱ እውነተኛነት የሰጠው ግድግዳው ነው ብዬ አላምንም። ዊልሰን ራሱ በ1978 ወደ ሴንት ፖል ከሄደ በኋላ ነው የሰፈሩን አነጋገር ይበልጥ መስማት የቻለው፤ ይህን ደጋግሞ ተናግሯል። ጓሮው ያመጣው ጆሮ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ የአነጋገር ስሕተት በደራሲው ሰፈር፣ በጎረቤት ፊት አያልፍም።

ይህን በራሴ አይቻለሁ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ገበሬ ሆኜ ተጫወትኩ። መድረኩ እንደለመደው ቃል እየጎተትኩ፣ አፌን እያጣመምኩ አዳራሹን አሳቅሁት። ከአገር ቤት የመጣችው አክስቴ ግን አልሳቀችም። ስንወጣ «ልጄ፣ ያ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?» አለችኝ። እኔ ወንድሟን፣ አባቴን የተጫወትኩ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ቅርባችን እንምጣ። እነዚያ አሜሪካውያን በጓሮው በተሰበሰቡበት ዓመት አካባቢ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የግጭ መንደር ተነሥቶ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ወደ ደባርቅ መጡ። የግጭን ሕይወት ተውኔት ብናደርገው የት እናሳየው? ተራራው ላይ ብንወጣ ገደሉና ጓሳው እውነተኛ ነው፤ ተሳስታችኋል የሚለን ጎረቤት ግን የለም። ደባርቅ ላይ መድረኩ የውሰት ነው፤ ተመልካቹ ግን የግጭ ሰው ነው። እኔ ደባርቅን እመርጣለሁ። የመጀመሪያውን ልምምድም ለሐያሲ ከማሳየቴ በፊት አንዲት የግጭ እናት ከፊት አስቀምጬ፣ አክስቴ የጠየቀችኝን እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።