አንድ ቅጠል በቀን ስንት ስኳር ይሠራል?

የዛሬው የሳይንስ አምዳችን ግማሹ ሳይንስ፣ ግማሹ ደግሞ ሒሳብ ነው። ዕፅዋት በብርሃን አስተፃምሮ ምግባቸውን ራሳቸው እንደሚያዘጋጁ ሁላችንም ተምረናል፤ ፈተና ላይም ጽፈናል። ግን ምን ያህል ያዘጋጃሉ? አንድ ማንኪያ ነው ወይስ አንድ ኪሎ? ይህን የሚጠይቅ ብዙ የለም።

ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፣ ሥር ውኃ ይልካል፣ ክሎሮፊል ደግሞ የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል። 6 ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 ሞለኪውል ውኃ 1 ሞለኪውል ግሉኮስና 6 ሞለኪውል ኦክስጅን ይሰጣሉ። በክብደት ስናስበው 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 108 ግራም ውኃ ገብቶ 180 ግራም ስኳርና 192 ግራም ኦክስጅን ይወጣል ማለት ነው። ደምሩት፤ በሁለቱም በኩል 372 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስኳሩ ውስጥ ያለው ካርቦን በሙሉ የመጣው ከአየር ነው። ብዙዎቻችን ተክል አፈር እየበላ የሚያድግ ይመስለናል። በፈረንጆች 1600ዎቹ የኖረው ቫን ሄልሞንት አንድ ዛፍ በትልቅ ማሰሮ ተክሎ ለ5 ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ሲጨምር አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም ገደማ ብቻ ነበር! እሱ ታዲያ ሁሉም ከውኃ የመጣ ነው ብሎ ደመደመ። አየሩን ረሳው።

እሺ፣ አሁን ወደ ልኬቱ እንሂድ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጁሊየስ ሳክስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነው። ጠዋት የቅጠሉን ግማሽ ትቆርጣላችሁ፣ መሐል ያለውን ወፍራም ጅማት ግን አትነኩም። የቆረጣችሁትን አድርቃችሁ ትመዝናላችሁ። ሌላው ግማሽ ዛፉ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲሞቅ ይውልና ከሰዓት በኋላ እሱም ተቆርጦ፣ ደርቆ ይመዘናል። ልዩነቱ ቅጠሉ የሠራው ምግብ ነው። አንድ ቅጠል ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ብዙ ቅጠል ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የ50 ቅጠሎች ግማሽ፣ እያንዳንዱ 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን በጠቅላላው 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ 0.05 ካሬ ሜትር ነው። የጠዋቶቹ 2.5 ግራም፣ ከ6 ሰዓት ፀሐይ በኋላ የተቆረጡት 2.8 ግራም ቢመዝኑ ጭማሪው 0.3 ግራም ነው። 0.3ን ለ0.05፣ ከዚያም ለ6 ስናካፍል 1 ይመጣል። አንድ ካሬ ሜትር ቅጠል በሰዓት 1 ግራም ሠራ ማለት ነው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ ውጤቱ ግን ለብዙ ተራ ተክሎች በጥሩ ብርሃን የሚጠበቅ ግምት ነው። በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ከዚህ በጣም ይበልጣሉ። ደግሞ ልኬቱ ትንሽ ያሳንሳል፤ ምክንያቱም ቅጠሉ ስኳሩን እየሠራ ወደ ግንድ ይልካል እንጂ ሁሉን ይዞ አይቀመጥም።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 5 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ቅጠል አንድ ማንኪያ ለመሙላት 5 ሰዓት ይለፋል!

አሁን ወደ ግቢያችን የአቮካዶ ችግኞች። የቅጠልን ስፋት ለማወቅ ቅጠሉን ሳትቆርጡ ካሬ ወረቀት ላይ አሳርፋችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ማስመርና ካሬዎቹን መቁጠር ነው፤ ከግማሽ በላይ የተሸፈነውን እንደ አንድ ቁጠሩት፣ ያነሰውን ተዉት። ችግኙ 12 ቅጠል፣ እያንዳንዱም 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር አለው እንበል። ጠቅላላው 600፣ ማለትም 0.06 ካሬ ሜትር ነው። በ10 ሰዓት ጥሩ ብርሃን 0.6 ግራም ይሠራል። ከማንኪያ አንድ ስምንተኛ ገደማ! ከዚያ ላይ ችግኙ ለመተንፈስ ብዙውን ያወጣል፤ ግማሹን ብንል 0.3 ግራም ለዕድገት ይቀረዋል።

አንድ ልጅ በእረፍት ሰዓት ሲያልፍ 4 ቅጠል ቢቀነጥስስ? ገቢው ወደ 0.4 ግራም ይወርዳል። ግንዱና ሥሩ ግን የለመዱትን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ለዕድገት የሚተርፈው ከሲሶም በላይ ይቀንሳል። ከበሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ችግኞች ከሌሎቹ ያጠሩት በዚህ ይሆን? እስኪ ሄዳችሁ ቅጠላቸውን ቁጠሩ።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ አንድ ቁጥቋጦ 250 ቅጠል አለው፣ እያንዳንዱ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሁሉም ፀሐይ ቢያገኙ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በስንት ሰዓት ይሠራል? የሚያስፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድስ ስንት ግራም ነው? መልሱን ከስማችሁና ከክፍላችሁ ጋር ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ አስገቡ።