ወጣቶች በስለት እንዳይጎዳዱ የመከላከሉ ኀላፊነት የማን ነው?

ሁርሊንግሃም ከናይሮቢ መካከለኛ ከተማ በስተምዕራብ፥ በኪሊማኒ የሚገኝ፥ ፎቅ ቤቶችና ሐኪም ቤቶች የበዙበት ሠፈር ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ስላሉበት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ከዚሁ በስተደቡብ ኪቤራ፥ በስተምዕራብም ካዋንግዋሬ የሚባሉት ችግረኛ ሕዝብ በብዛት የሚኖርባቸው መንደሮች ይገኛሉ። ማታ ከሥራ የሚመለስ መንገደኛ በነዚህ መንገዶች ላይ የሚፈራው ጠመንጃን ብቻ አይደለም፤ በአንድ ልጅ እጅጌ ውስጥ የተሸሸገ ቢላዋም ያስፈራዋል። ይሁን እንጂ በስለት የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ራሱም ወጣት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የኬንያ ሕግ ጠመንጃን በፈቃድና በመዝገብ ይቈጣጠራል። ቢላዋ ግን ከየወጥ ቤቱ የማይታጣ፥ ከየሱቁም በርካሽ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ፥ ሽንኩርት የሚከትፈውን ሰው ከሚወጋው ለይቶ የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት ሊኖር አይችልም። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ ለክፉ ሥራ ታጥቆ የተገኘውን ሰው ይቀጣል፤ ይህም የሚሆነው ልጁ ስለቱን ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ መከላከል ከተባለ መጀመር ያለበት ከልጁ ነው።

ልጁን ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሥራውን አከፋፈል መመልከት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት አገሪቱን በ47 ካውንቲዎች ሲከፍል ሥራውንም እንዲሁ ከፍሎታል። ፖሊስ የማዕከላዊው መንግሥት ነው፤ በዚህም ክልሎች የየራሳቸው ፖሊስ ካላቸው ከኢትዮጵያ ይለያል። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የማዕከላዊው ናቸው። የመንገድ መብራት፥ የሕፃናት መዋያ፥ የመንደር የእጅ ሙያ ትምህርት ቤትና የመጠጥ ቤት ፈቃድ ግን በካውንቲው ሥልጣን ሥር ይገኛሉ። እንግዲህ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ከአንዱ መሥሪያ ቤት እጅ ወጥቶ ከሌላው እጅ ሳይገባ መካከል ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ኀላፊነቱ የወላጅ ነው ማለት ይቀላል። በ2022 የወጣው የልጆች ሕግ በወንጀል የሚያስጠይቀውን ዕድሜ ከ8 ወደ 12 ዓመት ከፍ ስላደረገው፥ የትንንሾቹ ነገር ይበልጡን በቤተ ሰብ ላይ እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። ዳሩ ግን ጎሕ ሳይቀድ ከኪቤራ ወጥታ፥ ሁርሊንግሃም ውስጥ የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ፥ ከመሸ የምትመለስ እናት ልጇ ከማን ጋር እንደ ዋለ በምን ታውቃለች?

ከ2013ቱ የዌስትጌት የገበያ አዳራሽ ጥቃት በኋላ መንግሥት «ኙምባ ኩሚ» ማለትም «ዐሥር ቤት» የተባለውን፥ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያውቅ የሚያደርገውን የታንዛንያ ሥርዐት አምጥቷል። ዕድር ላለው ሠፈር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን በር ላይ ዘበኛ በቆመበት ፎቅ ቤት ነዋሪው የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመት ሊቈጥር ይችላል።

ሐኪም ቤቶችም የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ። የተወጋ ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ለማቅረብ «ፒ ሦስት» የሚባለውን ቅጽ ከፖሊስ መውሰድ ይኖርበታል፤ ፖሊስን የፈራ ወጣት ግን ቁስሉን አሰፍቶ ዝም ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ የደረሰበትም ነገር ከወንጀል መዝገብ ሳይገባ ይቀራል። በብሪታንያ የካርዲፍ ከተማ ጆናታን ሼፐርድ የተባሉ ሐኪም ይህንኑ ተመልክተው፥ የቁስለኛው ስም ሳይገለጽ የተጎዳበት ቦታና ሰዓት ለፖሊስና ለከተማው ሹማምንት የሚተላለፍበትን መንገድ አስጀምረዋል። በስኮትላንድም በ2005 የግላስጎ ፖሊስ የስለትን ጠብ እንደ ተላላፊ በሽታ ቈጥሮ ከሐኪሞችና ከመምህራን ጋር የሚሠራ ክፍል አቋቁሟል።

ለኬንያ አዲስ ሸንጎ መፍጠር አያስፈልጋትም። በ2011 የወጣው የብሔራዊ ፖሊስ አገልግሎት ሕግ በየካውንቲው አንድ የፖሊስ ጉዳይ ጉባኤ እንዲኖር ያዛል። ሊቀ መንበሩ የካውንቲው ገዥ ወይም እርሱ የሚሾመው ሰው ነው፤ የፖሊስ አዛዡ፥ የምክር ቤቱ ወኪሎች፥ ከነጋዴዎች፥ ከሃይማኖት ማኅበራት፥ ከሴቶችና ከወጣቶች የተመረጡ ሰዎችም ይቀመጡበታል። የወንጀሉን አካሄድ፥ በተለይም በሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መከታተልና ለፖሊስ ሥራ ቅደም ተከተል ሐሳብ ማቅረብ የዚህ ጉባኤ ተግባር ነው።

እንግዲህ ስለ መከላከሉ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው ገዥው ነው። ፖሊስን የማያዝ ሰው እንዴት ይጠየቃል የሚሉ አሉ፤ እንዳሉትም ገዥው ፖሊስን አያዝም። ሆኖም መብራቱ፥ የሙያ ትምህርት ቤቱና የመጠጥ ፈቃዱ በእጁ ናቸው፤ አዛዡን፥ ነጋዴውንና ወጣቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጠውም ወንበር የእርሱ ነው። በየትኛው መንገድ፥ በስንት ሰዓት፥ ስንት ወጣት እንደ ተወጋ የሚያሳይ የሐኪም ቤት ዝርዝር፥ ስም ሳይጻፍበት፥ በየወሩ ለዚህ ጉባኤ ቢቀርብ፥ ገዥው መብራቱን የት እንደሚያስተክል፥ አዛዡም ዘብ ወዴት እንደሚልክ ያውቃሉ።