የወንድሜ መሰንቆና የከበደ ሚካኤል አዝማሪ

የታናሽ ወንድሜን ስድስት ዜማዎች ከዚህ ጽሑፍ በላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ሁሉም በመሰንቆ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ዘፋኝ የለባቸውም፣ ከበሮ የለባቸውም፣ ኪቦርድም አልገባባቸውም። አስቀድሜ የላክሁላቸው ጓደኞቼ ወደዱት፤ ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "ግጥሙስ?" ግጥሙ አለ። ከየት እንደመጣና የት ቦታ ላይ እንደሚሰማ ላስረዳችሁ ነው የተነሣሁት። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ግጥሙ ያለው "ታሪክና ምሳሌ" ውስጥ ነው። እኛ ቤት ከዳዊት ቀጥሎ የነበረው መጽሐፍ እሱ ብቻ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ታትሞ፣ በንጉሡ ዘመን የተማሪ ማንበቢያ ሆኖ፣ ስንቱ ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ አንደበቱን ያፍታታበት መጽሐፍ ነው። ደራሲው ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል የእኛው አገር ሰው ናቸው። በ1909 ዓ.ም. መንዝ ተወልደው፣ ፈረንሳይኛ ተምረው፣ የሼክስፒርን "ሮሜዎና ዡልየት" ወደ አማርኛ መልሰው፣ "አኒባል"ን ለመድረክ ጽፈው፣ "ጃፓን እንደምን ሠለጠነች" የሚል መጽሐፍ ለአገራቸው ሰው አቅርበው፣ በ1991 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን አድጌ ነው። በልጅነቴ ከበደ ሚካኤል ማለት ለእኔ አንበሳና ቀበሮ፣ ንጉሥና ድኻ፣ ሞኝና ብልህ በቤት መምቻ እየተነጋገሩ የሚኖሩበት አገር ባለቤት ነበሩ። መምህራችን አንድ ቀን "ይህን የጻፉት ሰው እዚሁ ብርድ ውስጥ ነው የተወለዱት" ብለው ሲነግሩን፣ መጽሐፍ የሚጻፈው ሌላ አገር ብቻ ይመስለኝ ስለነበር አላመንኋቸውም።

የእኛን ቅጂ አጎታችን ከደብረ ብርሃን ነው ያመጣው። ሽፋኑ ሲረግፍ እናቴ በአቡጀዲ ሰፋችለት። መጨረሻው ላይ የጎደሉ ቅጠሎች ነበሩ፤ ስለዚህ የመጨረሻው ግጥም መሀሉ ላይ ቁርጥ ይላል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በግ የምንጠብቀው ሁለታችን ነበርን። ቦታውን ለማታውቁት፦ መንዝ አምባው ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋሱ ከጓሳ በኩል ሲመጣ ባና ተከናንበን እንኳ ያንቀጠቅጠናል። በዚያ ነፋስ ውስጥ መጽሐፍ ሲነበብ እየጮኹ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርሁ፣ እሱ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። ድንጋይ ከለላ አድርጌ አነብለታለሁ፤ ስጨርስ "ድገሚው እታለም" ይላል። እደግመዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ከእኔ እኩል ይለዋል። ብዙውን ቃል አይረዳውም ነበር፤ አካሄዱን ግን አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ቃል የጠፋበት ቦታ ላይ በ"ህምም" ሞልቶ፣ ልኩን ጠብቆ፣ ቤት መምቻው ላይ ከእኔ ጋር እኩል ይደርሳል። አንድ ሰሞን ዋሽንት ጀመረ። ያን ጊዜ ደግሞ እኔ አንብቤ ስጨርስ "ድገሚው" ማለቱን ተወና ያነበብሁትን በዋሽንቱ ይመልስልኝ ጀመር።

ስድስቱን ዜማዎች ለመስማት ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ከመጽሐፉ ግጥሞች ብዙዎቹ የተጻፉት በየወል ቤት ነው። ስንኙ ስድስት ቀለም ይሄድና ያርፋል፣ ስድስት ቀለም ይሄድና ቤት ይመታል። ይህ ልክ ከበደ ሚካኤል የፈጠሩት አይደለም። አዝማሪ ሠርግ ቤት የሚደረድረው፣ አልቃሽ ለቅሶ ላይ የምታወርደው ብዙ ጊዜ በዚሁ ልክ ነው። እሳቸው ያደረጉት ትልቅ ነገር፣ ፈረንሳይኛም ሌላም አንብበው ያገኙትን ታሪክና ምሳሌ እናቶቻችን በሚተነፍሱበት ትንፋሽ ልክ መስፋታቸው ነው። ያልተማረ ሰው በአንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘው ለዚህ ነው። ወንድሜ ሳያነብ የያዘውም ለዚህ ነው። አሁን የመጀመሪያውን ዜማ ክፈቱና ደጋኑ የሚያርፍበትን ቦታ በጣታችሁ ቁጠሩ፤ ስድስት፣ ማረፊያ፣ ስድስት፣ ቤት። ቃሉን ትቶ ትንፋሹን ነው የወሰደው። ቅኝቱ ትዝታ ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ። በመጽሐፉ ውስጥ "አዝማሪና የውሃ ሙላት" የሚል ግጥም አለ፤ ከአማርኛ የልጅነት ግጥሞች ሁሉ ይህን ያህል የታወቀ ብዙ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። መንገደኛ ሲሄድ የሞላ ወንዝ ዳር አንድ አዝማሪ ያገኛል። አዝማሪው እያንጎራጎረ ወንዙን ያወድሳል፤ ራርቶ ያሳልፈኛል ብሎ ነው። መንገደኛው ይገሥጸዋል። የምታወድሰው ውሃ እኮ ሰምቶህ አይቆምም፣ አልፎ ይሄዳል፣ የሚመጣው ደግሞ ያልሰማህ አዲስ ነው ይለዋል።

ለሌላ ልጅ ይህ ተረት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የክረምት ኑሯችን ነበር። መንዝ ላይ የዘነበው ገደል ለገደል ወርዶ ጃማ ይገባል፣ ጃማም ዓባይን ይቀላቀላል። መርሐቤቴ ወዳሉት የእናታችን ዘመዶች ስንወርድ የምንሻገራቸው ወንዞች በበጋ ቁርጭምጭሚት አያርሱም፤ በክረምት ግን ደፍርሰው፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ሰው ዳር ላይ ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል። ገበያተኛው፣ ሐዘንተኛው፣ ሙሽራው ሁሉ እኩል ይቀመጣል። ቆሎ የያዘ ያካፍላል፣ ዜና ያለው ያወራል። ወንድሜ ዋሽንቱን ያወጣል። ያኔ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ አዋቂ አይጠፋም፤ ሳቅ ብሎ "አንተ ልጅ፣ ውሃውን ነው የምታወድሰው?" ይለዋል። ግጥሙን የማያውቅ ሰው አልነበረምና ሁሉም ይስቃል።

ሳቁ ያለቀው ወንድሜ መሰንቆ ሲይዝ ነው። ጥምቀት ላይ የመጣ አንድ አዝማሪ ነው ያስተማረው። እንጨቱን ራሱ ጠረበ፣ የፍየል ቆዳ ወጠረበት፣ ጭራውን ከጎረቤት ፈረስ ለምኖ ወሰደ፤ ደጋኑን በእጣን እያሸ ድምፅ ማውጣትን ያ ሰውዬ አሳየው። አባባ ሲያይ ዝም አለ። አገሩን የምታውቁ ትረዱታላችሁ። እረኛ ዋሽንት ቢነፋ ማንም አይከፋም፣ ሽማግሌ በገና ቢደረድር ይከበራል፤ መሰንቆ ግን የአዝማሪ ነው፣ አዝማሪነትም የዘር ሥራ ተደርጎ ይታያል። ማታ ላይ አባባ እንዲህ አለው፦ "የጨዋ ልጅ መሰንቆ ይዞ የሰው ደጅ አይቆምም። ደግሞ መጽሐፍህ ራሱ ፈርዶብሃል።" ያን የምንወደውን ግጥም አንሥቶ ፈረደበት። ወንድሜ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ዛሬ አለኝ። አባባንም አክብሬ ነው የምናገረው። መንገደኛው ስለ ውሃው ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ውሃ አይሰማም። ለማይሰማ ሰው ጉልበትን አለመጨረስ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ከበደ ሚካኤልም ግጥሙን የጻፉት ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ግጥሙን ደግማችሁ ስታነቡት አዝማሪውን ድምፀ መልካም አድርገው ነው የሣሉት፤ ዜማው የሚያሳዝን፣ ድምፁ የሚያምር ነው። ድምፁን ቢያጠፉበት ተግሣጹ ይበልጥ በቀለለ ነበር፤ እሳቸው ግን አላጠፉበትም። ከዚያም በላይ ያ መንገደኛ ቆሟል። የሚሄድበት አለው፣ ወንዙ ሞልቶበታል፣ እንደዚያም ሆኖ ቆሞ ሰምቷል፣ ጠይቋል። ውሃው አልሰማም እንጂ ሰው ሰምቷል። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው ውሃ እስኪጎድል የሚጠብቁትን ሰዎች አይቻለሁ፤ ዋሽንቱ ሲጀምር ሐዘንተኛዋ እንኳ ቀና ትል ነበር። ሙዚቃው ለእነሱ ነበር። የወንድሜ ሥራ የሚሰማው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው፣ ያንን ደግሞ ከልጅነቱ ያውቃል።

አራተኛው ዜማ ይህ ግጥም ነው። ቃሉን አልዘፈነውም፤ የከበደ ሚካኤል ስንኝ እንደተከበረ መጽሐፉ ውስጥ ይቀመጥ ብሎ ነው። ስትሰሙት ከታች የሚወጣው ወፍራም ድምፅ መንገደኛው ነው፣ አጭር ነው፣ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከላይ የሚንቀጠቀጠው አዝማሪው ነው። ወንዙ ደግሞ የደጋኑ አለማቋረጥ ነው። መሰንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ክሩም ከእንጨቱ ርቆ ስለተወጠረ ጣት የሚነካው ክሩን ብቻ ነው፣ "እዚህ ያዝ" የሚል ምልክት የለም፣ ድምፁ የሚገኘው በጆሮ ነው። በዚህ በአንድ ክር ላይ ሁለት ሰውና አንድ ወንዝ ማሰማት ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አላስረዳም፤ የሞከሩት ያውቁታል። በተለይ ከመሀሉ አለፍ ብሎ መንገደኛው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ስሙት። መጽሐፉ ውስጥ ያ የለም። እሱ የወንድሜ ነው። እዚያ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እኮራበታለሁ።

ሁለተኛው በባቲ ቅኝት ነው፣ ሦስተኛው የእረኝነት ዋሽንቱን ወደ መሰንቆ ያመጣበት አጭር ዜማ ነው፤ ማብራሪያ አይፈልጉም።

አምስተኛው ላይ ግን አንድ ስም ላንሣ። "ቃል የሌለው ግጥም ምን ይባላል?" ለምትሉኝ መልሱ ከመንዝ ቁልቁል ይፋት ነው ያለው። ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. ይፋት ተወለደ፤ በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ፣ ገና በልጅነቱ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ገብቶ ክላርኔትና ሳክስፎን ያዘ። ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረገ፤ ጀግና ወደ ጦርነት ሲወርድ የሚያሰማውን ሽለላና ፉከራ አንድም ቃል ሳይኖረው በሳክስፎን አወጣው። የሰማው ሰው ሁሉ ፉከራ መሆኑን ያውቃል። በስተርጅናው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 2006፣ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር "ሞአ አንበሳ"ን አወጣ፤ አማርኛ የማይሰሙ ሰዎችም ተነሥተው አጨበጨቡለት። በ2008 ዓ.ም. አረፈ። ወንድሜ አምስተኛውን ዜማ የሠራው ለእሱ ነው። ጌታቸው የፎካሪውን ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ወሰደ፣ ወንድሜ ያንን ሳክስፎን እየሰማ ወደ መሰንቆ መለሰው። ዜማው ተንጠልጥሎ በሚቆይበት ቦታ ላይ የትንፋሽ ድምፅ የመሰለ ነገር ትሰማላችሁ፤ እሱን በደጋን ለማውጣት ብዙ ለፍቷል።

ስድስተኛውን የሰሙ ሁለት ሰዎች "ፋይሉ ተቆርጧል፣ መልሰሽ ላኪው" ብለውኛል። አልተቆረጠም። የሚያልቀው የእኛ መጽሐፍ ያለቀበት ቦታ ላይ ነው፤ ግማሽ ስንኝ ላይ፣ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ። ወንድሜ አድጎ አዲስ አበባ ሲገባ ሙሉውን መጽሐፍ ገዝቶ የጎደለውን አንብቦታል። ሆኖም ስንት ክረምት ሙሉ በራሳችን መጨረሻ እየሞላን የተጫወትነው ቦታ ስለሆነ እንዳለ ተወው። የቀረውን ሰሚው ይሙላው አለ።

አባባስ ለምትሉኝ፦ መሰንቆን አሁንም ሙያ ነው አላለም። ባለፈው በስልክ አራተኛውን አሰማሁት። "ይሄ መንገደኛው ነው?" አለኝ። አዎ አልሁት። "ድገሚው" አለ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወንድሜ ለሚቀጥለው ሥራው "ታሪክና ምሳሌ"ን በልጅነታቸው በቃላቸው የያዙ ሰዎች ሲሉት መስማት ይፈልጋል፤ በተለይ ከግሼ፣ ከመንዝና ከመርሐቤቴ ትልልቅ ሰዎች። አያት፣ አጎት፣ የድሮ መምህር ያላችሁ፣ የሚያስታውሱትን ግጥም እንዲሉት አድርጋችሁ በስልካችሁ ቅዱልን። ቢሳሳቱም አታርሟቸው፣ ቢያስሉም አትቁረጡት፤ የት ጋ እንደሚተነፍሱ ነው የሚፈልገው። ድምፁን በዚሁ ቻናል በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ የሰፈሩንም ስም ጻፉበት።