ክኒኑን የሚያዳክመው የትኛው አንቲባዮቲክ ነው?

«አንቲባዮቲክ እየወሰድሽ የወሊድ መከላከያ ክኒን አይሠራም» የሚለው ወሬ ከመድኃኒት ቤት መስኮት እስከ ማኅበራዊ ሚዲያ ያለ ከልካይ ይዞራል። ለጉሮሮ ሕመም አሞክሳሲሊን የታዘዘላት ሴት ይህን ሰምታ «ካልሠራማ ለምን እውጠዋለሁ» ብላ ክኒኗን ብታቆምና ብታረግዝ፣ ጥፋቱ የአሞክሳሲሊን ሳይሆን የወሬው ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ወሬው አንቲባዮቲክን ሁሉ በአንድ ጅምላ ስለሚፈርጅ፣ ክኒኑን በእርግጥ የሚያዳክመው መድኃኒት በንጹሖቹ መካከል ተደብቆ መቅረቱ ነው። እሱም ሪፋምፒሲን ነው፤ በአገራችን የቲቢ ሕክምና ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ በየቀኑ የሚታደል መድኃኒት።

ክኒኑ እርግዝናን እንዴት እንደሚከላከል እዚህ ማስረዘም አያሻም፤ በተለመደው ክኒን ውስጥ ያሉት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን በደም ውስጥ በበቂ መጠን እስካሉ ድረስ እንቁላል አይለቀቅም። ዋናው ነገር ያለው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ሳይቶክሮም ፒ450 በተባሉ ኤንዛይሞች ሆርሞኖቹን ያለማቋረጥ እየሰባበረ ያስወግዳል፤ ክኒኑ በየቀኑ የሚዋጠውም፣ መጠኑ የተለካውም ይህ ተሰልቶ ነው። ሪፋምፒሲን ጉበት ሲደርስ ፒኤክስአር ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። የዚህ ፕሮቲን ሥራ ባዕድ ኬሚካል መግባቱን ለይቶ፣ ማስወገጃው ኤንዛይም በብዛት እንዲመረት የሕዋሱን ዘረ መል ማነቃቃት ነው። አንድ ወፍጮ በነበረበት ቤት አራት አምስት ወፍጮ ተተከለ እንበል፤ የሚገባው እህል ያው ነው፣ ጆንያው ግን ቶሎ ባዶ ይሆናል። ሴትዮዋ ክኒኗን አንድም ቀን ሳትዘነጋ ብትውጥ እንኳ፣ ሆርሞኑ የሚቀጥለው ክኒን ሳይደርስ እንቁላልን ከሚያግደው መጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ሂደቱ በአንድ ቀን አይጀምርም፣ በአንድ ቀንም አያቆምም። ኤንዛይሙ ለመብዛት ቀናት ይፈጅበታል፤ ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላም የተመረተው እስኪሟጠጥ ሳምንታት ያልፋሉ። ጥንቃቄው መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ለተጨማሪ 4 ሳምንታት ይቀጥል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ የታወቀውም ከሕሙማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የጀርመን ሐኪሞች ክኒንና ሪፋምፒሲን አብረው የሚወስዱ የቲቢ ሕሙማን ከወር አበባ ውጭ እንደሚደሙ ጽፈዋል፤ ቆይቶም ያረገዙ እንዳሉ ተዘግቧል።

አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይህን ኤንዛይም አያበዙም። ታዲያ ወሬው እነሱን ለምን ጨመረ? መነሻው ባዶ አልነበረም። ከኢስትሮጅኑ ከፊሉ ጉበት ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ፣ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይፈሳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ጥምሩን ይፈቱትና ኢስትሮጅኑ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹን ከገደለ ይህ ምላሽ ይቀራል፣ የደሙ ኢስትሮጅንም ይቀንሳል የሚል መላ ምት ተነሣ። አስተሳሰቡ ያሳምናል፤ ማስረጃው ግን አልደገፈውም። ፕሮጄስቲን በዚህ መንገድ በሚሠራ መልኩ አይመለስም፤ በኢስትሮጅን በኩልም ቢሆን በእነዚህ አንቲባዮቲኮች ላይ በተደረጉት ጥናቶች በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ትርጉም ባለው መጠን ሲወርድ ወይም እንቁላል ሲለቀቅ አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅትም እነዚህን አንቲባዮቲኮች ከክኒን ጋር መውሰድን ገደብ በሌለበት ደረጃ 1 ውስጥ መድቦታል፤ ሪፋምፒሲንን ግን ደረጃ 3 ላይ አስቀምጦታል፣ ሌላ አማራጭ ካልጠፋ በቀር አብረው አይወሰዱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ አለ፤ ችላ የሚባልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርቶችን የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ አንቲባዮቲክ በተጠቀሱባቸው ሪፖርቶች ውስጥ ያልታሰበ እርግዝና ከሌሎች መድኃኒቶች ይልቅ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ሆኖም ሪፖርት የሚጻፈው ሰው ሲጠረጥር ነው፤ ወሬው ራሱ ለዓመታት ሲያስጠረጥር ኖሯል። ደግሞም በተለመደው አጠቃቀም ክኒን ከሚወስዱ 100 ሴቶች 7 ያህሉ በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ፤ ከእነዚህ መካከል በዚያው ወር አንቲባዮቲክ የወሰደች መገኘቷ አይገርምም። በሌላ በኩል የሆርሞን ጥናቶቹ ጥቂት ሴቶችን የያዙ ናቸው፤ የሴቶች ሰውነት ሆርሞንን የሚያስወግድበት ፍጥነትም ይለያያል። ስለዚህ «ለማንም፣ መቼም አይደርስም» ብሎ መማል ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው። አንቲባዮቲኩ ወይም ሕመሙ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ካመጣ ደግሞ ክኒኑ ወደ ደም ሳይገባ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ እንዳልተዋጠ ቆጥሮ ተጨማሪ መከላከያ መያዝ ይገባል። «ማስጠንቀቁ ምን ይጎዳል?» ለሚሉ ግን መልሱ ግልጽ ነው፦ ክኒኗን የምታቆም አለች፤ ክኒኑን መርጣ አንቲባዮቲኩን የምታቋርጥም አለች።

ወደ ሪፋምፒሲን እንመለስ፤ የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች፣ ቀጣዮቹ 4 ወራት ሁለት መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ሪፋምፒሲን በሁለቱም ምዕራፍ አለ። ሽንትን ወደ ብርቱካናማ ቀይ የሚለውጠው እሱ ነው። ቲቢን ለመከላከል በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ወራት የሚወሰደው ሪፋፔንቲንም የዚያው ወገን ስለሆነ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከክኒኑ ሌላ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያም ቢሆን ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌና ሉፕ ግን በሪፋምፒሲን አይነኩም፤ ኮንዶምም ከጉበት ኤንዛይም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የቲቢ መድኃኒት የምትጀምር እህት ሁሉ ክኒን ወይም በክንድ የሚቀበር መከላከያ የምትጠቀም ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ለባለሙያው ትንገር፤ ባለሙያውም ሳትነግረው ይጠይቃት። የቲቢ መድኃኒቱን ግን በዚህ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አታቋርጥ፤ መለወጥ ያለበት የወሊድ መከላከያው ነው።