ላብራቶሪው ሲዘጋ፦ የርቀት ሳይንስ ተረትና እውነታ

ኮቪድ-19 በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገብቶ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ እዚህም መላ የጠፋለት የላብራቶሪ ኮርስ ነበር። የሌክቸር ኖት በቴሌግራም ይላካል፤ ቡሬትና ማይክሮስኮፕ ግን አይላክም። ስለ ርቀት ላብራቶሪ ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ብዙው ነገር ግን መታረም አለበት።

ተረት፦ የርቀት ላብራቶሪ ወረርሽኙ የወለደው ነው።

እውነታ፦ የብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ለሳይንስ ተማሪዎቹ የሙከራ ዕቃ፣ አነስተኛ ማይክሮስኮፕ ጭምር፣ በሣጥን እያሸገ ቤታቸው ድረስ ይልክ ነበር። የአሜሪካው ኤምአይቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተማሪው ካለበት ሆኖ እውነተኛ ትራንዚስተር በኢንተርኔት የሚለካበትን ላብራቶሪ ከፈተ። የማኬሬሬና የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲዎችም ኋላ በዚሁ ሥራ ተሳትፈዋል። አዲሱ ነገር ጥድፊያው ብቻ ነበር።

ተረት፦ ሲሙሌሽን ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይደለም።

እውነታ፦ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ነገሩን ፈትኖታል። ገሚሶቹ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ሰርኪዩትን በእውነተኛ ሽቦና አምፖል፣ ገሚሶቹ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ተማሩ። በመጨረሻ ሁሉም እውነተኛ ሰርኪዩት እንዲገጥሙ ሲታዘዙ በሲሙሌሽን የተማሩት በለጡ። በስክሪኑ ላይ በዓይን የማይታየው የኤሌክትሮን ጉዞ ይታያል፤ የላላ ሽቦም ተማሪውን ከዋናው ሐሳብ አያዘናጋውም።

ተረት፦ እንዲህ ከሆነ ላብራቶሪ አያስፈልግም።

እውነታ፦ ይህ የተቃራኒው ስህተት ነው፤ ወጪ መቀነስ የሚፈልግ አስተዳደርም ቶሎ ይወድደዋል። ቲትሬሽን ላይ ጠብታውን ቀለሙ በተለወጠባት ቅጽበት መግታት፣ ባክቴሪያን ሳይበክሉ ማራባት፣ የተበላሸ መሣሪያን ጉድለት ፈልጎ ማግኘት በእጅ ተደጋግሞ እንጂ በመዳፊት አይለመድም። የተከማቸ አሲድም ወደ ተማሪ ቤት አይላክም። ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ተማሪ ይህ ክፍል ካምፓስ ሲከፈት መካካስ አለበት።

ተረት፦ ያለ መሣሪያ ቤት ውስጥ ልኬት የለም።

እውነታ፦ በ1 ሜትር ክር የተንጠለጠለ ጠጠር በትንሹ ሲወዛወዝ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከክሩ ርዝመትና ከዚህ ጊዜ የመሬት ስበት መጠን ይሰላል። አንዱን ውዝዋዜ ከመለካት 20ውን ለክቶ ለ20 ማካፈል የጣትን መዘግየት እንደሚያሳንስ ተማሪው ራሱ ሲደርስበት የልኬት ስህተትን ትምህርት አገኘ ማለት ነው። በጀርመን የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፋይፎክስ የተባለ ነጻ መተግበሪያም የስልክን ሴንሰሮች መለኪያ ያደርጋቸዋል፤ ለመለካትም ኢንተርኔት አይፈልግም።

ተረት፦ ሌላ ሰው በሰበሰበው መረጃ መሥራት ለይስሙላ ነው።

እውነታ፦ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ አዎ፤ በአካል የሚሰጠው ላብም ቢሆን እንዲያው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ላብ ግን መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ይዞ ተነሣ፦ የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ከላዩ ያለው፣ ኮሮና የሚባለው የፀሐይ ከባቢ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ የሚሞቀው ለምንድን ነው? 1,000 ያህል ተማሪዎች በቡድን ተከፋፍለው ከየቤታቸው ከ600 በላይ የፀሐይ ፍንዳታዎችን በሳተላይት መረጃ መረመሩ። ጥቃቅን ፍንዳታዎች ብቻቸውን ያን ያህል ሙቀት ያመጣሉ የሚለው መላምት እንደማያስኬድም አመለከቱ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በአስትሮፊዚካል ጆርናል ሲታተም ተማሪዎቹ በደራሲነት ተመዝግበዋል።