ልብስን በመስቀያው ላይ የማቆየት ሙያ

ከስፌት ማሽን የወጣ ቀሚስ ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ብዙ እጅ ይፈራረቅበታል። ይተኮሳል፣ ይሰቀላል፣ የላስቲክ ከረጢት ይለብሳል፤ ከፋብሪካ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ኮንቴይነር፣ ከኮንቴይነር ወደ መርከብ ይሸጋገራል፤ መጋዘን ከርሞ በመጨረሻ ሱቅ ውስጥ ዘንግ ላይ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ቅርጹን ጠብቆ የሚያቆየው መስቀያው ብቻ ነው። ከትከሻው አንዱ ወገን ከመስቀያው ካመለጠ ቀሚሱ ከረጢቱ ግርጌ ተጨማዶ ይገኛል፤ እንደገና መተኮስ፣ ምናልባትም መታጠብ፣ አለዚያም በቅናሽ መሸጥ አለበት። ልብስን በመስቀያ ላይ ማቆየት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን ስለ ጨርቅ፣ ስለ ስፌትና ስለ መንገድ እኩል ማወቅ የሚጠይቅ እውነተኛ ሙያ ነው።

ልብስ ባሕር ሲሻገር ሁለት ዓይነት አጫጫን አለው። ቲሸርት፣ የዘወትር ሸሚዝና ጂንስ ታጥፎ በካርቶን ይሄዳል፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ቢጨማደድም ብዙ አይጎዳም። ሙሉ ልብስ፣ ካፖርት፣ ገበር ያለው ጃኬት፣ የሠርግና የእራት ቀሚስ ግን ብዙ ጊዜ እንደተሰቀለ ይጓዛል። ለዚህ የሚዘጋጀው ኮንቴይነር ከግድግዳ ግድግዳ የብረት ዘንጎች ይገጠሙለታል፤ ወይም ከጣሪያው ሥር ካለው ብረት ላይ ቋጠሮ ወይም ቀለበት ያላቸው ገመዶች ይወርዱለትና የመስቀያዎቹ መንጠቆ በየቋጠሮው ላይ ያርፋል። ዘንጉ ለረጅም ቀሚስ ይመቻል፤ ገመዱ ደግሞ አጫጭር ልብሶችን ከላይ እስከ ታች በደረጃ ለመደርደር ያስችላል። ቋጠሮው መስቀያዎቹ ተንሸራትተው አንድ ጥግ ላይ እንዳይከመሩም ይጠብቃል።

ተሰቅሎ የሚሄድ ልብስ ታጥፎ ከሚሄደው የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልብስ የሚከፈለው የጭነት ዋጋ ይጨምራል። ነጋዴው ያንን የሚከፍለው ልብሱ ተተኩሶ እንደተሰቀለ ደርሶ በቀጥታ ሱቅ ውስጥ እንዲወጣለት ነው። እንግዲህ በመንገድ ላይ ከመስቀያው የወደቀ ልብስ ታጥፎ ከመጣው ልብስ የከፋ ኪሳራ ነው፤ የመሰቀሉ ዋጋ ተከፍሎ የመሰቀሉ ጥቅም ጠፍቷል።

ለምን ይወድቃል? ልብስ በመስቀያ ላይ የሚቀመጠው እንደ አህያ ጭነት ነው፤ ግራው ቀኙን፣ ቀኙም ግራውን እየያዘ በሚዛን ይቆማል። መስቀያው ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፎች ይዳፋል፤ ጨርቁም በስበት ወደ ታች ይሳባል፤ ወደ ኋላ የሚይዘው በጨርቁና በመስቀያው መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አያልፍም። ሰበቃው ጨርቁ መስቀያውን ከሚጫንበት ኃይል 0.3 ያህል ከሆነ፣ ጨርቁ እስከ 17 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ተዳፋት ላይ ሳይንሸራተት ይቆማል። ወደ 0.2 ከወረደ የሚችለው 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሐር፣ ሳቲንና ልሙጥ ፖሊስተር ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፉ ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ተዳፋቱ ከሚችሉት በላይ ይሆንባቸዋል።

ብዙ ሰው ቀላል ልብስ ቶሎ ይወድቃል፣ ከባድ ልብስ ግን በክብደቱ ይቆያል ብሎ ያስባል። ክብደት በዚህ ነገር ፈራጅ አይደለም። የከበደ ልብስ መስቀያውን አጥብቆ ይጫናል፤ በዚያው ልክ ግን ወደ ታች የሚስበው ኃይልም ይጨምራል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ካፖርት የማይወድቀው ትከሻው የተደገፈ፣ አንገቱም ጠባብ ስለሆነ ነው። ዶቃ የተሰፋበት ከባድ የሳቲን ቀሚስ ካንዲት ስስ ሸሚዝ እኩል ሊንሸራተት ይችላል።

ከጨርቁ እኩል የሚወስነው የአንገቱ ስፋት ነው። አንገቱ ጠባብ የሆነ ሸሚዝ ወደ አንድ ወገን ቢንሸራተት ኮሌታው የመስቀያውን አንገት ይነካና ይቆማል። አንገቱ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ግን የሚያቆመው የለም፤ አንዱ ትከሻ ከጫፍ ያመልጣል፣ ሚዛኑ ይፈርሳል፣ ሌላውም ይከተላል። ጠንቃቃ ሻጭ ሸሚዝ ሲሰቅል የላይኛውን ቁልፍ የሚቆልፈው ለዚህ ነው። በነጻ ከሚገኙት መፍትሔዎች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ሳይነቃነቅ የቆየ ልብስ መንገድ ላይ በአንድ ቀን የሚወድቅበትም ምክንያት አለ። ሰበቃ የሚኖረው ጨርቁ መስቀያውን እስከተጫነ ድረስ ብቻ ነው። መኪና ጉድጓድ ሲገባ መስቀያው ከጨርቁ ሥር ለቅጽበት ወደ ታች ይሸሻል፤ በዚያች ቅጽበት ጨርቁ መስቀያውን አይጫንም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሚይዘው የለም። በየጉድጓዱ ጥቂት ሚሊሜትር እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ወደ ቦታው የሚመልሰው ግን የለም። ባሕር ላይ ደግሞ የመርከቡ መናወጥ ይጨመራል። በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት፣ በዓለም የሥራ ድርጅትና በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የጋራ የአጫጫን ደንብ መሠረት፣ በክፉ ባሕር የሚሄድ ጭነት የክብደቱ 0.8 ያህል ኃይል ወደ ጎን ቢገፋው የሚቋቋም ሆኖ መታሰር አለበት። ያን ያህል ወደ ጎን ሲገፋ ከመስቀያው ጫፍ ላይ በሰበቃ ብቻ የሚቆይ ሳቲን አይኖርም።

የመስቀያው ታሪክ ራሱ ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ በስፋት የሚነገረው የሽቦው መስቀያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1903 በሚሺጋን ግዛት ጃክሰን ከተማ ይጀምራል። የቲምበርሌክ የሽቦ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው አልበርት ፓርክሃውስ ኮቱን የሚሰቅልበት ባዶ መስቀያ አጥቶ ከሽቦ ቁራጭ ጠምዝዞ ሠራ ይባላል። ሽቦው ርካሽ ነበር፤ ግን ቀጭን ስለሆነ ትከሻውን ይወጋል፣ ልሙጥ ስለሆነ ሱሪውን ያንሸራትታል። ከዚያ በኋላ የመጡት ማሻሻያዎች ይህንኑ ጉድለት ሲያርሙ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1932 ስካይለር ሁሌት በሽቦው ላይኛና ታችኛ ክፍል የካርቶን ቱቦ የሚገባበት መስቀያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1935 ኤልመር ሮጀርስ ቱቦውን ለታችኛው ዘንግ ብቻ አደረገው። ላውንደሪ ቤቶች ዛሬም ሱሪ የሚሰቅሉት በዚሁ ዓይነት ነው። በአንዳንዱ ላይ ካርቶኑ ስስ የሚያጣብቅ ቅብ ይቀባል፤ ሱሪው በመንገድ ላይ አይሸሽም።

ዛሬ ያሉት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን ለሁሉም አይሆንም።

የመጀመሪያው የመስቀያውን ቅርጽ ማስተካከል ነው። ከሁለቱ ጫፎች አጠገብ የተቆረጠው ጎድጓድ የቀሚስን ማንገቻ ይይዛል፤ ማንገቻው ከዚያ ለመውጣት ወደ ላይ መነሳት ስላለበት በሰበቃ ላይ አይመካም። ለዚህ ነው በመስቀያው ላይ ከሚደረጉት መፍትሔዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው፤ በመንገጫገጭ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ይይዛል። ማንገቻ ለሌለው እጅጌ ላለው ልብስ ግን ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛው ገጽታውን ማሻከር ነው። የመስቀያው ትከሻ ላይ ጎማ ወይም ሲሊኮን ይለጠፋል፤ ወይም በፋብሪካ ፕላስቲኩ ላይ ለስላሳ ጎማ መሰል ነገር አብሮ ይፈስበታል። በቤት ውስጥ ጫፍና ጫፉ ላይ የጎማ ማሰሪያ መጠምጠም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ስስ የስፖንጅ ልጣፍም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሲያረጅ ይፈረፈራል። ያረጀ ጎማ ደግሞ ይሟሟና ነጭ ጨርቅ ላይ ምልክት ይተዋል። ነጭ ቀሚስ ለወራት ሊከርምበት የሚችል ነጋዴ ይህን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

ከሻካራዎቹ ሁሉ ታዋቂው ከፋይ የለበሰው ቀጭን መስቀያ ነው። ጨርቅ የተሰፋበት ይመስላል እንጂ አይደለም። ፕላስቲኩ ማጣበቂያ ይቀባና አጫጭር የናይለን ወይም የሬዮን ቃጫዎች በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ቮልት በሚፈጠር የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ እንዲበሩ ይደረጋል። ኤሌክትሪኩ ቃጫዎቹን ቀጥ አድርጎ ስለሚወስዳቸው አንድ በአንድ ቆመው ይተከላሉ። በሺህ የሚቆጠሩት ጥቃቅን ጫፎች የጨርቁን ክሮች ይይዛሉ። ይህን መስቀያ አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ ያስገባችው በቴሌቪዥን ሽያጭ የታወቀችው ጆይ ማንጋኖ ናት፤ ሕይወቷን መነሻ ያደረገ «ጆይ» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። ለቁም ሣጥን ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ቀጭን ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ሐርም ይይዛል።

ለሱቅ ግን አልመክረውም። ገዢ ልብሱን አውጥቶ ይለካል፣ ሻጭ መልሶ ይሰቅላል፤ ይህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ሱቅ ውስጥ የሠራ ያውቃል። ከፋዩ ጨርቁን ስለሚይዝ ልብሱ ሲጎተት አንገቱ ይለጠጣል፤ ቃጫውም ሲቆይ ይረግፍና ጥቁር ልብስ ላይ ይታያል። ፕላስቲክ፣ ማጣበቂያና ቃጫ አንድ ላይ ስለሆኑ ተሰብስቦ እንደገና ለማቅለጥም ያስቸግራል። ለሱቅ የሚሻለው ትከሻው ጫፍ ላይ ብቻ የሚይዝ፣ መሐሉ ልሙጥ የሆነ መስቀያ ነው፤ ልብሱ በቀላሉ ይገባል፣ በጫፉ ይያዛል።

መጠንም መዘንጋት የለበትም። በአሜሪካ ገበያ የአዋቂ የላይ ልብስ የተለመደው የመስቀያ ስፋት 17 ኢንች ወይም 43 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የልጆች ከዚያ ያንሳል። መስቀያው ከትከሻው ከጠበበ ጨርቁ በጫፉ ላይ ይወርዳል፤ ከሰፋ ደግሞ እጅጌው ውስጥ ገብቶ ጉብታ ይሠራል። ትልልቅ ሱቆች የመስቀያውን ዓይነትና መጠን በኮድ ወስነው ለአምራቹ የሚሰጡት ልብሱ ከፋብሪካ ሲወጣ በትክክለኛው መስቀያ ላይ እንዲሆን ነው።

ሹራብን የሚመለከት አንድ ጥብቅ ነገር አለ፤ በየትኛውም መስቀያ ላይ አይሰቀል። ቢይዝም በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ ትከሻው ላይም ጉብታ ይቀራል። ታጥፎ ይቀመጥ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚልቀው መፍትሔ ከመስቀያው ላይ ሳይሆን ከልብሱ ውስጥ ይገኛል። ከውጭ የመጣ የሴት ቀሚስ የገዛ ሰው በብብቱ ወይም በትከሻው በኩል ሁለት ቀጫጭን የሪባን ቀለበቶች ሳያይ አይቀርም። ብዙዎች ሲለበሱ ብቅ እያሉ ስለሚያስቸግሩ በመቀስ ቆርጠው ይጥሏቸዋል። እነዚያ ሪባኖች ልብሱን በመስቀያው ጎድጓድ ወይም በመንጠቆው ላይ ለማንጠልጠል የተሰፉ ናቸው። ከባድ ቀሚስ ላይ ከወገቡ ስፌት ይነሳሉ፤ ክብደቱን ከትከሻ ላይ አንስተው ወገብ ላይ ስለሚያሳርፉ ትከሻው አይለጠጥም። ጉርድ ላይ ወገቡ ውስጥ፣ ግራና ቀኝ ይሰፋሉ። ሪባኑ ሰበቃ ጠፋ ብሎ ጉድጓድ ላይ አይለቅም፤ መርከብ ቢናወጥም አይለቅም፤ የሚጠይቀውም ትንሽ ሪባንና ጥቂት ስፌት ነው። እኔ እንደማየው ከመስቀያ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

አገራችን ውስጥ ይህ ሁሉ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ምርት ገዢው አገር የሚደርሰው በየብስ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ነው፤ መንገጫገጩም መናወጡም አለበት። ሽሮ ሜዳም የሀበሻ ቀሚስ ከሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ነው ገዢን የሚጠራው። በእጅ የተሸመነው ጥጥ ሻካራ ስለሆነ መስቀያውን ደህና ይይዛል። በቅርቡ የበዙት ሰፊ አንገት ያላቸው፣ በሚያብለጨልጭ ክር የተሠሩ ወይም ሳቲን ገበር የተደረገባቸው ዘመናዊ ቀሚሶች ግን ይንሸራተታሉ። የነጠላው ጉዳይም አለ፤ ከቀሚሱ ጋር በዘንጉ ላይ ሲጣል ነፋስ ይወስደዋል፤ ሱቁ አቧራማ መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ ነጭ ሸማ አንዴ ከወደቀ እንደ አዲስ አይሸጥም።

ስለዚህ ለልብስ ሰፊዎችና ለዲዛይነሮች አንድ ልመና አለኝ። አንገቱ ሰፊ በሆነ ወይም ገበሩ በሚያንሸራትት ቀሚስ ሁሉ ላይ ሁለት ሪባን ስፉበት፤ ሲለበስ እንዳይወጣም አጠር አድርጉትና ወደ ውስጥ የሚያዝበት ትንሽ ቁልፍ አብጁለት። ሪባኑ ሳያስቸግር ከተሰፋ ገዢዋም አትቆርጠውም። ልብስ የሚልኩ ነጋዴዎች ደግሞ ከመጫናቸው በፊት አንዱን ሰቅለው፣ መንጠቆውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግመው ያንገጫግጩት፤ ወደ ጎን ማወዛወዙ ብቻ አይበቃም። ትከሻው ከቦታው ከተነቃነቀ መስቀያው ወይም ስፌቱ መቀየር አለበት፤ ይህንንም ለማድረግ ትክክለኛው ቦታ ፋብሪካው ነው።