ልጅዎ «ፊዚክስ አልገባኝም» ብሎ ሲደውልልዎት

ልጅዎ ከሰቆጣ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቡና አፍልተው፣ ጸልየው፣ ስንቅ ቋጥረው ሸኝተውት ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደውሎ «ፊዚክስ አልገባኝም፤ ትቼ ልምጣ» ቢልዎትስ? እባክዎ «ሰንፈህ ነው» ለማለት አይቸኩሉ።

ፍሬሽማን የሚባለው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ከተመለሰ ወዲህ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጀነራል ፊዚክስ ይወስዳሉ። ትምህርቱ ካልኩለስን ይጠይቃል። ካልኩለስን ግን ተማሪው ያየው በ12ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ያውም ፈተና ደርሶበት በጥድፊያ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ደግሞ የዋግ ኽምራ ልጆች ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ያ ክፍተት ከየትኛው ምዕራፍ ላይ እንደወደቀ ማን ጠየቃቸው?

ለመሆኑ ካልኩለስ ምንድን ነው? አንድ አውቶቡስ 120 ኪሎ ሜትር በ4 ሰዓት ቢሄድ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ነው። ሾፌሩ ግን በጠመዝማዛው አቀበት ላይ በ30 አልነዳም፤ ሜዳው ላይም እንደዚሁ። በዚያች ቅጽበት ስንት ነበር የሚለውን የሚመልሰው ዴሪቬቲቭ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚያስፈራው ስሙ ነው።

ኢንተግራል ግን ብዙዎችን ይጥላል። የተከዜን ግድብ ያስቡ፤ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሐይቁ የዋግን ቆላ የሚነካ ነው። ለቀላልነት ቀጥ ያለ፣ 1 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ግድግዳ እንውሰድ። ውኃው በየ1 ሜትሩ ጥልቀት በካሬ ሜትር 1 ቶን ክብደት ያህል ይጨምራል፤ ታች 100 ቶን ይደርሳል። ቀመር የሸመደደ ተማሪ 100 ቶንን በ100 ካሬ ሜትር አባዝቶ 10,000 ቶን ይላል። ስሕተት ነው! ከላይ ግፊቱ ዜሮ ነበርና። ግድግዳውን ስስ ስስ አድርጎ ቆራርጦ የእያንዳንዱን ግፊት ቢደምር 5,000 ያገኛል። ኢንተግራል ማለት ይህ ድምር ነው። የመጀመሪያው ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ማባዛቱንም አልተሳሳተም። ግፊቱ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ያሳየው ሰው አጥቶ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ለእረፍት ሲመጣ ይህን ግድብ ያለ ቀመር፣ በአማርኛ ያስረዳዎት። እርስዎ ፊዚክስ ባይማሩም ግድ የለም። ሲያስረዳ የተደናቀፈበት ቦታ የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፉን ከዚያ ይክፈት፤ ማፈር አያስፈልግም። የተፈቱ የድሮ ፈተናዎችን መሸምደድ (ሁሉም የሚያደርገው እርሱን ነው) ቁጥሩ ሲቀየር ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ደግሞ መምህራን ተማሪ የሚያነጋግሩበት ሰዓት አላቸው። ከሩቅ የመጣ ልጅ ግን በሩን ማንኳኳት ይፈራል። ዛሬ ማታ ሲደውል ስለ ውጤቱ ከመጠየቅዎ በፊት «መምህርህን ሄደህ ጠየቅኸው?» ይበሉት።